የእጅን ሥራ ለብረት፦ የጉልበት መደገፊያ በአገራችን

በልጅነቴ እንጅባራ ላይ ከአጎቴ ጋር ገበያ ስንወርድ ዓይኔ አዘውትሮ የሚያርፈው በቀኝ እጁ ላይ ነበር። በሕፃንነቱ የልጅነት ልምሻ ቀኝ እግሩን ስለ ጎዳው፣ ያ እግር መሬት በረገጠ ቁጥር መዳፉን ከጉልበቱ ከፍ አድርጎ በጭኑ ላይ ያሳርፍና ወደ ኋላ ይጫነው ነበር። ለእኛ ለልጆቹ የልማድ ነገር ይመስለን ነበር። ምሕንድስና ከተማርሁ በኋላ ግን ያ መዳፍ የአንድ ሙሉ ጡንቻ ምትክ ሆኖ ይሠራ እንደ ነበር ተረዳሁ።

የሙያ ባልደረቦቼ በቀላሉ እንደሚገነዘቡት፣ የቆመ ሰው ክብደት የሚወርድበት መሥመር ከጉልበቱ መጋጠሚያ በፊት በኩል ያለፈ እንደ ሆነ፣ ጉልበቱ በኋላ ባሉት ጅማቶች ተይዞ ያለ ድካም ይቆማል። መሥመሩ በኋላ በኩል ካለፈ ጉልበቱ ይታጠፋል፤ ይህን የሚከላከለው የጭን ፊት ጡንቻ ነው። ይህ ጡንቻ የሰለለበት ሰው ወይ ጭኑን በእጁ ይገፋል፣ ወይ ጎንበስ ብሎ ክብደቱን ወደ ፊት ያዛውራል። ዘዴው ብልኅ ነው፤ ነገር ግን ዋጋ ያስከፍላል። የኋላ ጅማቶቹ ከዓመት ዓመት እየተለጠጡ ጉልበቱ ወደ ኋላ ይቀለበሳል።

የመዳፉን ሥራ ለብረት ለመስጠት ከተነሡት ሰዎች መካከል ስሙ ጎልቶ የሚጠራው ዌልሳዊው ሐኪም ሂው ኦወን ቶማስ ነው። ትውልዱ ከወጌሾች ቤተሰብ ነበር። (የእኛም ወጌሾች ይህን ቢሰሙ ደስ የሚላቸው ይመስለኛል።) እ.ኤ.አ. በ1875 ስለ ዳሌ፣ ስለ ጉልበትና ስለ ቁርጭምጭሚት ሕመም መጽሐፍ ያሳተመው ይህ ሰው፣ ክብደት ከመቀመጫ አጥንት በቀለበት ተቀብሎ በሁለት የጎን ዘንጎች ወደ መሬት የሚያወርድ መሣሪያ ሠራ። የዘንጎቹ ጫፍ በጫማ ተረከዝ ውስጥ ሲሰካ መሣሪያው መራመጃ ሆነ፤ ካሊፐር የምንለውም ይኸው ነው።

ወደ አገራችን ስንመለስ፣ የእንግሊዛዊው ሌናርድ ቼሻየር ድርጅት እ.ኤ.አ. በ1962 በኢትዮጵያ ሥራ ጀምሮ በመናገሻ ልምሻ የመታቸውን ልጆች ሲረዳ ኖሯል። ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴም የአካል ተሐድሶ ፕሮግራሙን እ.ኤ.አ. በ1979 ከመሠረተ ወዲህ ለኢትዮጵያ ወርክሾፖች ድጋፍ ሰጥቷል።

አጎቴ በወጣትነቱ ያገኘው የመጀመሪያ መደገፊያ ከብረትና ከቆዳ የተሠራ ነበር። በመጋጠሚያው ላይ የምትንሸራተት ቀለበት አለች፤ ሲቆም ወርዳ ትቆልፋለች፣ ሲቀመጥ ከፍ ያደርጋታል። እጁ ነጻ ወጣ። ሆኖም ብረቱ ከአንድ ጫማ ጋር የተጋባ ነበር። «ብረቱ ዕድሜ ልኬን ያስኬደኛል፤ ጫማው ግን የእንጅባራን ክረምት አይዘልቅም» ይል ነበር። እንዳለውም ጫማው በጭቃ በሰበሰ። በአዲሱ ጫማ ተረከዝ ውስጥ የዘንግ መሰኪያ የሚያበጅለት ሰው በአቅራቢያው ስላልተገኘ መደገፊያው ግድግዳ ላይ ተሰቀለ፤ መዳፉም ወደ ጭኑ ተመለሰ።

ይህን ጋብቻ የፈታው ፖሊፕሮፒሊን የተባለው ፕላስቲክ ነው። ሉሁ በምድጃ ወደ 180 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሞቆ ሲለሰልስ፣ ከታካሚው እግር በተወሰደ የጀሶ ቅርጽ ላይ ይለበጣል፤ በመካከል ያለው አየር በፓምፕ ሲሳብ ቅርጹን አጥብቆ ይይዛል። አንድ ሊትር ብረት 7.8 ኪሎ ግራም ሲመዝን ይህ 0.9 ብቻ ይመዝናል፤ ውኃም አያበሰብሰውም። ከሁሉ ይልቅ ግን የእግሩ ክፍል በጫማ ውስጥ ስለሚገባ ባለቤቱ ጫማውን መለወጥ ይችላል። የሚጠበቅበት የተረከዙን ከፍታ አለመለወጥ ነው፤ ተረከዙ ከፍ ካለ መደገፊያው በሙሉ ወደ ፊት ያዘነብላልና።

እዚህ ላይ እኛ መሐንዲሶች የምንሳሳትበት ነገር አለ፤ የተጣመመ ባየን ጊዜ ሁሉ ማቅናት እንወዳለን። የጭን ጡንቻው የሰለለ ሰው ግን ጉልበቱ ጥቂት ዲግሪ ወደ ኋላ ማለፉ መቆሚያው ነው። የተረከዝ ጅማቱ አጥሮ በጣቱ የሚረግጥም እንዲሁ ነው፤ ጉድለት የሚመስለው አረጋገጥ ቅልጥሙን ወደ ኋላ እየገፋ ጉልበቱን ያጸናለታል። ምትክ ድጋፍ ሳይዘጋጅ ይህን ያቀና ባለሙያ እግሩን አሳምሮ ሰውየውን ይጥለዋል። እንግዲያስ ጥሩ መደገፊያ የሚፈቅደውን ጥቂት ፈቅዶ፣ ከዚያ የሚያልፈውን ብቻ ያግዳል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1980 የተስፋፋ የክትባት ፕሮግራም ጀመረች፤ በ2017 ደግሞ ከዱር ፖሊዮ ቫይረስ ነጻ መሆኗ ተረጋገጠ። ከዚህ የተነሣ መደገፊያው ያለፈ ታሪክ የሚመስላቸው አሉ። ከክትባቱ በፊት የታመሙት ሕፃናት ግን ዛሬ ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጉልበታቸው ይበልጥ የሚቀለበሰውም አሁን ነው።

አጎቴ አዲሱን መደገፊያ ያገኘው ባሕር ዳር ድረስ ሄዶ ነው፤ መንገዱ 120 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ማሰሪያው ባረጀ ጊዜ እንጅባራ ያለ ጫማ ሰፊ ቀየረለት፤ የመጋጠሚያው ቁልፍ ሲላላ ግን መንገዱን እንደገና ሊሄድ ግድ ሆነበት። ጥር 23 የሰባት ቤት አገው ፈረሰኞች በዓል ሲከበር ግራ እግሩን ከእርካቡ ያገባል፣ ቀለበቷን ከፍ ያደርጋል፣ ቀኝ እግሩን በኮርቻው ላይ ያሻግራል። ሲወርድም ልጓሙን ሳይለቅ ቀለበቷ መውረዷን በጣቱ ይዳስሳል።