ሥም የለሾቹ የመጽሐፍ ጠባቂዎች

በደርግ ዘመን ስለተጻፉ መጻሕፍት ሲነሳ የምናወራው ስለ ደራሲዎቹ ድፍረት ነው። ተገቢ ነው። ነገር ግን መጽሐፉን ሸሽገው ለእኛ ያደረሱት ሰዎች ድፍረት ተረስቷል።

በዓሉ ግርማ «ኦሮማይ»ን በ1975 ዓ.ም. ሲያሳትም የማስታወቂያ ሚኒስቴር ከፍተኛ ባለሥልጣን ነበር። የቀይ ኮከብ ዘመቻን በቅርብ አይቶታል። ያየውን ልብ ወለድ አድርጎ ጻፈው፤ አንባቢም ከገጸ ባሕርያቱ ጀርባ ያሉትን ሹማምንት ለመለየት አልተቸገረም። መጽሐፉ ከገበያ ተለቀመ፤ ደራሲው ከሥራው ተባረረ። በየካቲት 1976 ዓ.ም. ከቤቱ እንደወጣ ቀረ። መቃብሩ እስከ ዛሬ አይታወቅም።

መንግሥት ደራሲውን ማጥፋት ቻለ፤ መጽሐፉን ግን አልቻለም። አንባቢ እጅ የገቡት ቅጂዎች አልተመለሱም። ይዞ መገኘት እንደሚያስጠይቅ እየታወቀ በድብቅ ሲዋሱ ከረሙ። ደርግ ሲወድቅ «ኦሮማይ» በይፋ ታተመ፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ በእንግሊዝኛ ተተርጉሞ ለዓለም አንባቢ ቀረበ።

ሁለተኛው ታሪክ ከእስር ቤት ነው። ነቢይ መኮንን በማዕከላዊ ታስሮ ሳለ የማርጋሬት ሚቸልን ግዙፍ ልብ ወለድ ወደ አማርኛ መለሰ። ወረቀት ስላልነበረ የጻፈው በሲጋራ ፓኮ ውስጥ ባለው ብልጭልጭ ወረቀት ጀርባ ላይ ነው። የአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ታሪክ፣ በራሳቸው አገር ደም መፋሰስ ለታሰሩ ወጣቶች ሩቅ አልነበረም። የሚፈቱ እስረኞች ወረቀቶቹን ጥቂት በጥቂት ደብቀው አወጡ። እሱ ሲፈታ ከየሰዉ ቤት ለቃቅሞ «ነገም ሌላ ቀን ነው» በሚል ርእስ አሳተመው።

እዚህ ላይ ቆም እንበል። አንድ እስረኛ የሚፈታበት ቀን ደርሶ፣ በሩ ላይ እንደሚፈተሽ እያወቀ፣ የሌላ ሰው ጽሑፍ በኪሱ ይዞ ይወጣል። ቢያዝ ነጻነቱን ያጣል። መጽሐፉ ሲታተም ግን ስሙ ሽፋኑ ላይ አይወጣም።

ዛሬ ነቢይም አርፏል፤ ያ ትውልድም እያረጀ ነው። ወረቀት የደበቁ፣ መጽሐፍ በጨለማ ያዋሱ አባቶችና እናቶች በየቤታችን ይኖሩ ይሆናል። ሳይረፍድ እንጠይቃቸው፤ የሚነግሩንንም እንጻፈው።