ጎረቤት ያስተማረው ሰዋስው

እስቲ በ«ኔ» እንጀምር። አቴንስ ውስጥ «ኔ» ያላችሁ ሰው አዎ ብሏችኋል። ሶፊያ ውስጥ ግን «ኔ» ማለት አይሆንም ነው። (ቡልጋሪያዎች አዎ ሲሉ ራሳቸውን ግራና ቀኝ ይወዘውዛሉ፤ እዚያ ውስጥስ ባንገባ ይሻላል!)

ቡልጋሪኛ የስላቭ ወገን ነው፤ ከግሪክኛ ጋር ያለው ዝምድና የሩቅ ነው። ጉርብትናው ግን ሰዋስዋቸው ድረስ ዘልቋል። እኛ «መሄድ እፈልጋለሁ» እንላለን አይደል? እነሱ ሁለቱም «መሄድ»ን የመሰለውን የግሥ መልክ ትተው «እንድሄድ እፈልጋለሁ» ዓይነት ነገር ነው የሚሉት። የወደፊት ጊዜ የሚነግሩባት ቃልም በሁለቱም ዘንድ «መፈለግ» ከሚል ግሥ የወጣች ናት። ሲሪሊክ ፊደል ራሱ በአብዛኛው የተቀዳው ከግሪክ ፊደል ነው።

እንዲህ ተቀራርበው ታዲያ ተፋቅረው ኖሩ እንዳትሉን። በኦቶማን ዘመን የቤተ ክርስቲያኑም የንግዱም ትልቅ ቋንቋ ግሪክኛ ስለነበር፣ ተማርኩ የሚለው ቡልጋሪያዊ በእናቱ ቋንቋ ያፍር ነበር። በ1762 እ.ኤ.አ. ፓይሲ የተባለ መነኩሴ የሕዝቡን ታሪክ ሲጽፍ እነዚህን አፋሪዎች አምርሮ ወቀሳቸው። የጻፈው ደግሞ ዛሬ የግሪክ በሆነው በአቶስ ተራራ ገዳም ተቀምጦ ነው።

ግፉ በዚያ አላበቃም። ከ1936 ጀምሮ ግሪክን በአምባገነንነት የገዛው ሜታክሳስ፣ በሰሜን ግሪክ የሚኖሩ ስላቭኛ ተናጋሪዎች በቋንቋቸው እንዳይናገሩ ከለከለ። ከቡልጋሪኛ ጋር የሚቀራረበው ያ አነጋገር፣ እንደ ግሪክኛው ሁሉ፣ «እንድሄድ እፈልጋለሁ» የሚል ነበር።

በ2013 የወጣውን ባለ 5 ዩሮ ኖት ያገኘ ይመልከተው። የገንዘቡ ስም በላቲን፣ በግሪክና በሲሪሊክ ጎን ለጎን ተጽፏል።