ከተማሪዬ የቀማሁት ጌም ቦይ

ወዳጆቼ፣ ዛሬ የምጽፈው ታሪክም ነው፣ ኑዛዜም ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡት።

ባለፈው ሳምንት ለዕረፍት ከውጭ የመጣ የድሮ ተማሪዬ ሊጠይቀኝ ቤት መጣ። ቡናው እስኪፈላ ከቦርሳው አንድ ግራጫ፣ ወፈር ያለ ዕቃ አውጥቶ እጄ ላይ አስቀመጠው።

«ቲቸር፣ ያስታውሱታል?»

መጀመሪያ አላስታወስኩትም፤ ቆይቶ ነው የመጣልኝ። በ1988 ዓ.ም. ስምንተኛ ክፍል ታሪክ ሳስተምር ከዴስክ ሥር ደብቆ ሲጫወት ያዝኩት። አጎቱ ከአሜሪካ የላከለት ጌም ቦይ ነበር። ቀማሁት፣ መሳቢያዬ ውስጥ ቆለፍኩበት፣ ወላጅ አምጣ አልኩት። በዚያ ላይ በክፍሉ ልጆች ፊት «ጭንቅላት የሚያደነዝዝ ዕቃ» ብዬ አሳቅኩበት። አባቱ መጥተው የወሰዱት ሴሚስተሩ ሲያልቅ ነው።

«እስቲ አሁን እርስዎ ይጫወቱት» አለኝ እየሳቀ።

ውስጡ ያለው ጨዋታ «ዶንኪ ኮንግ» ይባላል፤ እ.ኤ.አ. በ1994 ለጌም ቦይ የወጣው። (ከዚህ በኋላ የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።) አንድ ግዙፍ ጎሪላ ልጅት ጠልፎ ይሸሻል፤ ሪዛሙ ማሪዮ ይከተለዋል። የመጀመሪያዎቹ 4 ደረጃዎች በ1981 በሳንቲም በሚሠሩት ትልልቅ ማሽኖች ላይ ከወጣው ጨዋታ የመጡ ናቸው፤ በርሜል እየዘለሉ መሰላል መውጣት ነው። አራተኛውን በስንት መከራ ጨርሼ «በቃ፣ አለቀ» ስል ጎሪላው ተነሣና ልጅቷን ይዞ እንደገና ሮጠ። ለካ ገና 97 ደረጃ ይቀረኛል!

ከዚያ በኋላ ጨዋታው ሌላ ነው። በአብዛኞቹ ደረጃዎች የተቆለፈ በር አለ፤ ቁልፉ ደግሞ ሌላ ቦታ ነው። ቁልፉን ተሸክመህ በሩ ድረስ ማድረስ አለብህ። አስቀምጠኸው ብዙ ከቆየህ ወደ መጀመሪያ ቦታው ይመለሳል። ድልድይ ወይም መሰላል በፈለግክበት ቦታ የምትዘረጋባቸው ደረጃዎች አሉ፤ የዘረጋኸው ግን ጥቂት ቆይቶ ይጠፋል። ስለዚህ ከመዝለልህ በፊት ቆም ብለህ ማሰብ አለብህ። ቁልፉን መጀመሪያ ልወርውረው ወይስ ይዤው ልውጣ? መሰላሉን እዚህ ልትከለው ወይስ እዚያ? ሰዓቱም እየቆጠረ ነው። «የሚያደነዝዝ» ባልኩት ዕቃ ላይ አንዱን ደረጃ ለማለፍ ሰባት ጊዜ ሞቻለሁ። ቡናው ቀዘቀዘ።

ልጁ ከሄደ በኋላ ይህን ነገር ማን ነው የሠራው ብዬ ማንበብ ጀመርኩ። የታሪክ መምህር ጡረታ ቢወጣም አመሉ ጡረታ አይወጣም።

ኒንቴንዶ በ1889 ኪዮቶ ውስጥ የተመሠረተ የመጫወቻ ካርታ አምራች ነበር። በ1965 ጉንፔይ ዮኮይ የሚባል ኤሌክትሮኒክስ የተማረ ወጣት ቀጠረ። ሥራው ታላቅ ነገር አልነበረም፤ የካርታ መሥሪያ ማሽኖቹን መንከባከብ ነው። ታዲያ ትርፍ ጊዜ ሲያገኝ እየተዘረጋ ሄዶ ዕቃ የሚይዝ ክንድ ሠርቶ ይጫወትበት ነበር። አንድ ቀን የኩባንያው ፕሬዚዳንት ሂሮሺ ያማውቺ ይህን አየበት። በሥራ ቦታ ሲጫወት ተያዘ ማለት ነው። ያማውቺ ምን አደረገ? ይህን ለገበያ የሚሆን መጫወቻ አድርገህ ሥራው ብሎ አዘዘው። በ1966 «አልትራ ሃንድ» ተብሎ ወጣ፤ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ተሸጠ። ዮኮይም ከማሽን ጥገና ወደ መጫወቻ ፈጠራ ተዛወረ።

እዚህ ጋ ስደርስ ማንበቤን አቆምኩ። መሳቢያዬ ትዝ አለኝ።

ዮኮይ ሲሠራ የሚመራበት አንድ ሐሳብ ነበረው። የደረቀ፣ ማለትም ሁሉም የለመደውና የረከሰ ቴክኖሎጂ ወስደህ ሌላ ሰው ባላሰበው በኩል ተጠቀምበት የሚል። በባቡር ሲሄድ አንድ ተሳፋሪ በካልኩሌተር ሲጫወት አይቶ፣ በዚያው በካልኩሌተር ስክሪን የሚሠራ የኪስ ጨዋታ በ1980 አወጣ። በ1989 የወጣውን ጌም ቦይንም እሱና ባልደረቦቹ የሠሩት በዚሁ መንገድ ነው። ስክሪኑ ቀለም የለውም፤ አራት ዓይነት የደበዘዘ አረንጓዴ ብቻ ነው። የራሱ መብራትም የለውም። ተፎካካሪዎቹ አታሪ ሊንክስና ሴጋ ጌም ጊር ባለ ቀለም፣ ባለ መብራት ነበሩ፤ ግን 6 የባትሪ ድንጋይ በጥቂት ሰዓታት ይጨርሳሉ። ጌም ቦይ በ4 ድንጋይ ከአሥር ሰዓት በላይ ይሠራል፤ ዋጋውም ከነሱ ያነሰ ነበር። በኋላ ከመጣው ባለ ቀለሙ ወንድሙ ጋር ከ118 ሚሊዮን በላይ ተሸጠ።

የ1994ቱ ዶንኪ ኮንግም ያው ነው። የ13 ዓመት አሮጌ ጨዋታ አንሥተው በአራት ቀለም ስክሪን ላይ አንድ ቁልፍና አንድ በር ጨመሩበት፤ የዝላይ ጨዋታው እንቆቅልሽ ሆነ። እኛ ደግሞ በዚያው ዘመን «ላብራቶሪ የለም፣ ዕቃ የለም» እያልን ስናማርር፣ ባለችው ነገር የሚያስብ ልጅ ፊታችን ተቀምጦ ነበር።

ክፍል ውስጥ መጫወት ልክ ነው እያልኩ አይደለም። ዛሬም ቢሆን እቀማው ነበር። የሚቆጨኝ ሌላ ነው። ትምህርቱ ካለቀ በኋላ ጠርቼ «ና እስቲ፣ ምንድን ነው የምትሠራው? አሳየኝ» አላልኩትም። ይህን ለማለት 5 ደቂቃ አይፈጅም ነበር። እኔ ግን አሳቅኩበት። ልጁ ዛሬ በሚኖርበት አገር የሕንፃ ሊፍት ይጠግናል። «ሥራዬ እኮ ይሄው ነው ቲቸር፤ የተቆለፈ በርና ቁልፍ» ብሎኛል።

ያኔ ስቀማህ የት ደርሰህ ነበር አልኩት። አላስታወሰም። ካርትሪጁ ውስጥ የደረሱበትን የምትይዝ ትንሽ ባትሪ አለች፤ እሷም ሞታለች። ከዜሮ ነው የጀመርነው።

አንዱ ደረጃ ላይ ጭራሽ መላው ሲጠፋኝ «አላወቅኩም» አልኩ። እንደ እንቆቅልሽ ወግ «እንግዲያው አገር ይስጡኝ!» አለኝ። ጎንደርን ልሰጠው አሰብኩና ተውኩት። «ያንን ስምንተኛ ክፍል፣ ከነመሳቢያው ሰጥቼሃለሁ» አልኩት። ሳቀና መሳሪያውን ተቀብሎ ቁልፉን የት እንደምወረውር አሳየኝ።

የድሮ ተማሪዎቼ፣ እዚህ እንደምታነቡኝ አውቃለሁ። ከእናንተስ ምን ቀምቼ ነበር? ያልመለስኩት ካለ ከታች ጻፉልኝ። ምን እየሠራችሁበት እንደነበርም ንገሩኝ፤ ዘግይቶም ቢሆን ልስማ።