ጆሮና ጣት ሲለኩ

ዳገት ላይ ማርሽ መቀየር እንደ ነውር የሚታይበት ዘመን ነበር ቢሏችሁ ታምናላችሁ? ነበር። እ.ኤ.አ. በ1903 ቱር ደ ፍራንስን የመሠረተው ሄንሪ ዴግራንዥ ብስክሌተኛ በጡንቻው እንጂ በመሣሪያ ማሸነፍ የለበትም ባይ ነበር። ስለዚህ ተወዳዳሪው ዳገቱ ሥር ሲደርስ ይወርዳል፤ የኋላ ጎማውን ፈትቶ ያዞራል፤ ሰንሰለቱን በሌላኛው ጥርሳም ቀለበት ላይ አጥልቆ መንገዱን ይቀጥላል። ሰንሰለትን ከቀለበት ወደ ቀለበት የሚያሻግረው መሣሪያ ለታላላቆቹ ተወዳዳሪዎች የተፈቀደው በ1937 ነው። የዚያ ዓመት አሸናፊ ሮዤ ላፔቢም ተጠቅሞበታል።

መሣሪያው ተፈቀደ፤ ኩራቱ ግን ቦታ ለወጠ እንጂ አልሞተም። የያኔው መቀየሪያ የት እንደሚቆም አያውቅም። ነጂው ማንሻውን ይስባል፤ ሰንሰለቱ እንዲወጣለት ትንሽ ያሳልፈዋል፤ ከዚያ ኳኳታው እስኪጠፋ መለስ ያደርገዋል። መለኪያው ጆሮና ጣት ነው። ይህን ያልቻለ ሰው ‹‹ገና ነው›› ይባላል።

በ1970ዎቹ አጋማሽ የጃፓኑ ሺማኖ ‹‹ቀጭ›› ባለ ቁጥር አንድ ማርሽ የሚያሻግር መቀየሪያ ሠርቶ ነበር። የተገጠመው ግን በተራ ብስክሌቶች ላይ ነበርና ባለሙያው ናቀው። በ1984 ኩባንያው ነገሩን ገለበጠው፤ ከላይ፣ ከውድድር ዕቃው ከዱራ ኤስ ጀመረ። ምሥጢሩ ልኬት ነው። አንድ ‹‹ቀጭ›› የሚስበው ሽቦ ሰንሰለቱን ወደሚቀጥለው ቀለበት፣ ማለትም 5 ሚሊ ሜትር ገደማ፣ እንዲያሻግር ተሰላ። ሽቦውም፣ ሰንሰለቱም፣ ቀለበቶቹም እርስ በርስ እንዲገጥሙ ተደርገው ተሠሩ። ብልጠቱ ደግሞ፣ ኩሩዎቹ እንዳይከፋቸው ይመስላል፣ ማንሻው ወደ ድሮው አሠራር እንዲመለስም ተደርጎ ነበር!

ትርፉ ግልጽ ነው፤ የጥቂቶች ጣት ብቻ ያውቀው የነበረውን ነገር ትናንት መንዳት የጀመረ ልጅም አገኘው። የጎደለም አለ። ብስክሌቱ ወድቆ የኋላ መቀየሪያው የተሰቀለበት ብረት ጥቂት ሚሊ ሜትር ቢጣመም ያ ሁሉ ‹‹ቀጭ ቀጭ›› ይዘባረቃል። የድሮው ነጂ ጉድለቱን በጣቱ እያካካሰ ቤቱ ይገባ ነበር፤ የዛሬው ጠጋኝ ይፈልጋል።

እንግዲህ ልኬት ችሎታን አላጠፋም፤ ከነጂው ጣት አንስቶ ወደ ሠሪውና ወደ ጠጋኙ እጅ አዛወረው እንጂ። ነጂው ቀለለው። ብረቱ የተጣመመ ዕለት ግን ቀድሞ በራሱ ጣት የነበረውን ሙያ ከሌላው ደጅ ይጠናል።