የአገር ልጅ አለቃ፦ ከወንጂ የሠራተኞች ታሪክ



የድርጅት መሪ ከአካባቢው ሕዝብ ጋር በዝምድና፣ በዕድርና በእምነት ሲተሳሰር ለሠራተኛው ይራራል ይባላል። ይህን አባባል እዚሁ ደጃችን ባለው የወንጂ ታሪክ ልፈትነው።

ኤች ቪ ኤ የተባለው የሆላንድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1951 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተዋውሎ በ1954 በወንጂ ስኳር ማምረት ጀመረ። አለቆቹ የሸንኮራን ሥራ በኢንዶኔዥያ የተካኑ ነበሩ። ትስስራቸው ከቤተ መንግሥት ጋር እንጂ ከሜዳው ሰው ጋር አልነበረም። ግጦሹን ያጣው የጅሌ ኦሮሞ አርብቶ አደርም ሆነ ከከምባታና ከሐዲያ አገዳ ሊቆርጥ የመጣው ወጣት በቅርብ የሚያውቀው አለቃ ካቦውን ነበር።

ካቦው የአገር ልጅ ነው። ቋንቋውን ያውቃል፤ ወላጆቹንም ያውቃል። ስለዚህ ለታመመው ይማልዳል፣ ያስቀየመውን ደግሞ ሥራ ይነፍገዋል። ዝምድና በሁለት በኩል የተሳለ መሆኑን የምንዘነጋው እዚህ ላይ ይመስለኛል።

ውኃውን እንመልከት። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ለዓመታት ሲጠጡት ጥርስን ያበልዛል፣ ሲቆይም አከርካሪን ያደነድናል። በወንጂ ማጣሪያ ቢተከልም የአጥንቱ ሕመም በሠራተኞች ላይ ታይቷል። የካቦ ምልጃ አንድን ሰው ለአንድ ቀን ያሳርፍ ይሆናል፤ የመንደር ውኃ ግን አያጣራም። ለዚያ በሕግ የቆመ ማኅበር ያስፈልግ ነበር። የወንጂ ሠራተኞች ሕጉ ሳይወጣ በ1950ዎቹ ሥራ አቁመው ነበር፤ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 210 የወጣውና የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን የተመሠረተው በ1963 ነው።

በ1975 መጀመሪያ ደርግ ኩባንያውን ወረሰ፤ አለቃው ኢትዮጵያዊ ሆነ። በዚያው ዓመት መጨረሻ ኮንፌዴሬሽኑ ፈረሰ። ሠራተኛው ወገኑን አለቃ ባገኘበት ዓመት ማኅበሩን አጣ። የዝምድናን ጥቅም አልክድም፤ ግን ከዚህ ዓመት የተሻለ መፈተኛ አላገኘሁለትም።

የአዳማ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2018 ሲመረቅ የውጭ አሠሪ እንደገና መጣ። ለግል ድርጅት ሠራተኛ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ አልነበረም። በእንዲህ ያለው ቦታ ጥናት የምትጀምሩ ተማሪዎች ከሥራ አስኪያጁ በፊት የመስመር ተቆጣጣሪዋን አነጋግሩ፤ ማንን እንዳስቀጠረች፣ ማንንስ እንዳስወጣች ጠይቋት።