የጠጠር ልክ፦ ለግቢ መግቢያና ለእግር መንገድ

የጠጠር ልክ ማለት ከአጥር በር እስከ ቤት ደጃፍ በሚዘረጋ የመኪና መግቢያ ወይም የእግር መንገድ ላይ የሚነጠፈውን ጠጠርና ገረጋንቲ ገና ሳይገዛ በሜትር ኩብ አስልቶ መወሰን ነው። ስሌቱ ርዝመትን በወርድ፣ ውጤቱንም በጥልቀት ከማባዛት ስለማያልፍ፣ ባሕረ ሐሳብ ለሚቀምር ደብተራ ቀርቶ ለተማሪ ልጅም አይከብድም፤ ይሁን እንጂ በአሰላና በአርሲ ደጋ ግምት የሚፋለሰው በሦስተኛው አኀዝ፣ ይኸውም በጥልቀቱ ነው፤ ይህንንም የሚወስነው ከሥር ያለው መሬት ነው።

ከአዲስ አበባ በአዳማ በኩል 175 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ በጭላሎ ተራራ ሥር በተቀመጠችው አሰላ፣ ተዳፋቱ ላይ ያለው ቀይ አፈር ውኃን ስለሚያሳልፍ 10 ሳንቲ ሜትር ያህል ተጠቅጥቆ የተነጠፈ ገረጋንቲ ለቤት መኪና ሲበቃው፣ በሜዳማው ስፍራ የሚገኘው ዋልካ ግን በክረምት ያብጣል፣ በበጋ ጣት እስኪያስገባ ድረስ ይሰነጠቃል፤ የተነጠፈበትንም ጠጠር ስንጥቁ ዓመት ዓመት ይውጠዋል። በ1960 ዓ.ም. በስዊድን መንግሥት ርዳታ ሥራውን የጀመረው የጭላሎ እርሻ ልማት ድርጅት የገጠር መንገድን ከተግባሩ መቍጠሩ፣ እህል በእንዲህ ያለ መሬት ላይ በክረምት ወደ ገበያ መድረስ ስለማይችል ነበር። ስለዚህ በዋልካ ላይ የሚሠራ ሰው አስቀድሞ ጥቁሩን አፈር ጠርቦ ያውጣ፤ የወጣውንም ጕድጓድ መጠን ከጠጠሩ ልክ ጋር ይደምር።

ለአብነት 20 ሜትር ርዝመትና 3 ሜትር ወርድ ያለው መግቢያ 60 ካሬ ሜትር ነው። ከሥሩ 15 ሳንቲ ሜትር ገረጋንቲ ቢነጠፍ 9 ሜትር ኩብ፣ ከላይ 5 ሳንቲ ሜትር ጠጠር ቢለብስ 3 ሜትር ኩብ ይሆናል። ገረጋንቲ ሲጠቀጠቅ ስለሚወርድ ሩብ ያህል ተጨምሮበት ወደ 11 ሜትር ኩብ ከፍ ይላል፤ ለላይኛው ልባስ አንድ ዐሥረኛ ይበቃል። ባልተስተካከለ ወርድ በሦስት አራት ቦታ ለክቶ አማካዩን መውሰድ ያሻል፤ በዳገትም ላይ ሜትሩ መሬቱን ተከትሎ ይዘርጋ። ውኃ ወደ ጎን እንዲወርድ መሐሉ ከፍ የሚደረገው አስቀድሞ በአፈሩ ላይ ቢሆን ይመረጣል፤ ያ ከፍታ በጠጠር የተሠራ እንደ ሆነ፣ መሐሉ በ6 ሳንቲ ሜትር ቢያብጥ እንኳ በዚሁ መግቢያ ላይ ወደ 2 ሜትር ኩብ ይበላል፣ ብዙ ጊዜም ማንም አያስበውም።

ባለመኪናው የሚሸጠው በቢያጆ፣ ማለትም በመኪና ጭነት፣ ስለ ሆነ ገዢው ሜትር ይዞ፣ ጭነቱ ሳይገለበጥ፣ የሳጥኑን ውስጥ ቢለካ ነውር የለውም፤ 5 ሜትር ርዝመት፣ 2.3 ሜትር ወርድና 1.4 ሜትር ከፍታ ያለው ሳጥን ጢም ብሎ ሲሞላ 16 ሜትር ኩብ ይይዛል። ከኮረኮንች መንገድ የመጣ ጭነት በንቅናቄው ረግቶ ከአፉ ዝቅ ብሎ ቢገኝ ሁልጊዜ ተንኰል ነው አይባልም። በኩንታል ለሚነግድ ደግሞ፣ የጥቁር ድንጋይ ጠጠር በሜትር ኩብ 15 ኩንታል ገደማ ሲመዝን፣ ቀዳዳ የበዛበት ቀይ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ ከዚያ በእጅጉ ይቀላል።

በአርሲ በልግም ስለሚዘንብ፣ ከባድ መኪና ግቢውን ሳያቦካ ጠጠር ለማራገፍ የሚያመቸው ወቅት ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ነው።