«ብሔር» ማለት ምን ማለት ነው?

የዛሬው ንግግራችን ስለ አንዲት ባለ ሦስት ፊደል ቃል ነው፤ ብ - ሔ - ር፣ ብሔር። እስቲ በደብተራችሁ ላይ ጻፏት።

ወልድያ ገበያ ላይ አንድ እንግዳ ሰው ብናገኝ፣ መጀመሪያ የምንጠይቀው «አገርህ ወዴት ነው?» ብለን ነው። እሱም «ሀብሩ ነው፤ ከመርሳ ነው የመጣሁ» ይለናል። አገር ስንል ቀዬውን፣ ወንዙን፣ የሚያርሰውን መሬት ማለታችን ነው። በግእዝም ብሔር ማለት ይኸው ነው፤ አገር፣ ምድር፣ ሥፍራ። «እግዚአብሔር» የሚለው ስም ሲፈታ እግዚእ ጌታ፣ ብሔር ዓለም፤ የዓለም ጌታ ማለት ነው። «ብሔራዊ ባንክ» ስንልም የመላው አገር ባንክ ማለታችን ነው።

ታዲያ የመሬቱ ስም እንዴት የሰው ስም ሆነ? ነገሩ እንዲህ ነው። በኅዳር ወር 1962 ዓ.ም. የወሎው ተወላጅ ዋለልኝ መኮንን፣ ተማሪ ሳለ፣ ስለ ብሔረሰቦች ጥያቄ በእንግሊዝኛ አንድ ጽሑፍ አወጣ። ክርክሩ በአማርኛ ሲስፋፋ አሮጌው ቃል አዲስ ትርጉም ተሸከመ፤ በቋንቋና በባህል የተሳሰረ ሕዝብ ብሔር ተባለ። ብሔርና ሰብ፣ ማለትም ምድርና ሰው፣ ተጋጥመውም ብሔረሰብ ሆኑ። በሚያዝያ 1968 ዓ.ም. የወጣው የብሔራዊ ዴሞክራሲያዊ አብዮት ፕሮግራም የብሔረሰቦችን መብት አወጀ። በሐምሌ 1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻም ቀስ በቀስ በ15 ቋንቋዎች አስተማረ። የ1987ቱ ሕገ መንግሥት ደግሞ ብሔር፣ ብሔረሰብ፣ ሕዝብ ብሎ ሦስቱንም ጠራ፤ በአንቀጽ 39 ግን ለሦስቱም የሰጠው ፍቺ አንድ ነው።

በወሎ አባቱ ባንድ ቋንቋ፣ እናቱ በሌላ ቋንቋ አፍ የፈቱ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ሰው «አገርህ የት ነው?» ሲሉት ቶሎ ይመልሳል። ፎርም ላይ «ብሔር» የሚል መስመር ሲመጣበት ግን ቆም ይላል። ማንበብ የማይችል ከሆነማ ጸሐፊው የሞላለትን ተቀብሎ አውራ ጣቱን ያትማል። ፊደል የቆጠረ ሰው ግን መስመሩን አንብቦ፣ የተጠየቀውን አውቆ፣ መልሱን በገዛ እጁ ይጽፋል።

ለሚቀጥለው ጊዜ አገር፣ ብሔር፣ ብሔረሰብ የሚሉትን ሦስት ቃላት ጽፋችሁ፣ እቤታችሁ ካሉት ሽማግሌዎች ጋር ተነጋገሩባቸው። ደኅና ሁኑ!